ሦስት ሠራተኛ ብቻ

አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ሸጎሌን ያውቃታል። የታክሲ ረዳቱ በቀን መቶ ጊዜ ይጠራታል። ስሟ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሸጎሌ ማለት ሼህ ሆጀሌ ማለት ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን የቤኒሻንጉልን ምድር ይገዙ የነበሩት፣ ግብራቸውንም በወርቅ ለቤተ መንግሥት ያስገቡ የነበሩት ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን ናቸው። በ1890 ዓ.ም. ገደማ የራስ መኮንን ጦር ዘምቶ አገሩ ለማዕከላዊው መንግሥት ከገበረ በኋላ፣ ሼሁ እዚህ መናገሻው ከተማም ግቢ ነበራቸው። ሕዝቡ ስማቸውን በራሱ አንደበት አሳጥሮ ሸጎሌ አለው፤ እንዲያው እንደተባለ ቀረ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ! ወርቁን ወደ ግቢ ያስገባው ሰው ስም ከመቃብር በላይ ዋለ። ወንዝ ወርዶ፣ አፈር ቆፍሮ፣ ከጉልበቱ በላይ ውኃ ውስጥ ቆሞ ወርቁን ያጠበው ሰው ስምስ? ከእነዚያ ብዙዎቹ በባርነት ቀንበር ሥር የነበሩ ናቸውና ስማቸውን የመዘገበ ቀርቶ የጠየቀም አልነበረም። በስማቸው የሚጠራ ሰፈር የለም፤ ቅያስም የለም።

ይህን ያነሳሁት ታሪክ ለማውራት አይደለም። እኔም በተራዬ፣ በትንሹም ቢሆን፣ ያንኑ ስሕተት ስለሠራሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2008 ዓ.ም. ከመሥሪያ ቤቴ ወደ አሶሳ ተላክሁ። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ከከተማዋ አነስተኛ የንግድ ድርጅቶች መካከል በየዘርፉ የላቁትን መርጦ መሸለም ነው። ኮሚቴው አምስት ሰው ነበር፤ አራቱ የአካባቢው ሰዎች፣ አምስተኛው ከአዲስ አበባ ቅጽ ተሸክሞ የመጣው እኔ።

በአውሮፕላን መሄድ እየቻልሁ አገር ልይ ብዬ በመኪና ሄድሁ። አምቦን፣ ነቀምቴን፣ ጊምቢን፣ ነጆን፣ መንዲን አልፎ፣ በባምባሲ በኩል ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነው አሶሳ የሚገባው። ደጋውን ጨርሳችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ሙቀቱ ይቀበላችኋል፤ ቀጥሎ የሽመሉ ጫካ፣ ከዚያ ማንጎው። አሶሳ የማንጎ ከተማ ናት። በመንገዱ ዳር፣ በየግቢው፣ በየትምህርት ቤቱ ማንጎ ነው፤ ከተማው ራሱ ጥላ ሥር የተቀመጠ ይመስላል።

ክልሉን አብዛኞቻችን የምናውቀው ጉባ ላይ በተገነባው በታላቁ ግድብ ነው። መጋቢት 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ፣ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ በየቴሌቪዥኑ አይተነዋል። ትልቅ ነገር አይቸግርም፤ ከሩቅ ይታያል። የሚቸግረው ትንሹን ማየት ነው፤ እኔ ደግሞ የተላክሁት ትንሹን እንዳይ ነበር።

ቅጹን ላስተዋውቃችሁ። በ2003 ዓ.ም. በወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ስትራቴጂ መሠረት ጥቃቅን ይባል የነበረው በኢንዱስትሪ እስከ አምስት ሰው የሚያሠራና ካፒታሉ ከ100 ሺህ ብር የማይበልጥ ነበር፤ በአገልግሎት ከሆነ ከ50 ሺህ ብር የማይበልጥ። አነስተኛ ይባል የነበረው ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራ ሲሆን ካፒታሉ በኢንዱስትሪ እስከ 1.5 ሚሊዮን ብር፣ በአገልግሎት እስከ 500 ሺህ ብር ይደርስ ነበር። እንግዲህ ጎበዝ የተባለው ከታችኛው ደረጃ ወደ ላይኛው የወጣ ነው። የእኛም ቅጽ የተሠራው በዚሁ መሰላል ነበር። ከመቶው ነጥብ ስድሳው ለሁለት ነገር ይሰጣል፤ ካፒታሉ ምን ያህል አደገ? ስንት ሠራተኛ ቀጠረ? የቀረው ለሂሳብ መዝገብ፣ ለግብር፣ ለቁጠባ፣ መጨረሻ ላይም ለጥራት ተከፋፍሏል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ በር አለ፤ ንግድ ፈቃድ የሌለው አይገባም።

በዚያ በር ያልገቡትን የመጀመሪያዋን ሴት ያገኘኋቸው ገበያው አጠገብ ነው። ዕድሜያቸው ስድሳ ገደማ የሚሆን የበርታ ሴት ናቸው። ከሽመል በተሠራ ዳስ ሥር የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር ይሸጣሉ። ቡናቸው ዝንጅብል አለው። ኮሚቴው ውስጥ ያለ አንድ የከተማው ሰው “ከማንም በፊት እሳቸውን እዩ” ብሎኝ ነበር። ለምን እንዳለኝ የገባኝ አንድ ጠዋት እዚያ ተቀምጬ ስመለከት ነው። ወርቅ ለማጠብ ወደ ወንዝ የሚወርዱ ሴቶች ገና ሳይነጋ ይመጣሉ፤ በልተው ሳይከፍሉ ይሄዳሉ። ሲቀናቸው ይከፍላሉ።

የወርቅ ማጠብ ሥራ ምን እንደሆነ ያልገባው ሰው ይህ ዱቤ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። አፈሩ ይቆፈራል፤ በእንጨት ገበታ ላይ ይደረጋል፤ ውኃ ውስጥ እየተወዘወዘ ቀላሉ አፈር ተጠርጎ ይሄዳል። ጥቁር አሸዋ ይቀራል። ያም በጥንቃቄ ሲነቀነቅ፣ ዕድል ካለ፣ በመጨረሻ የምስር ፍሬ የማታክል ቢጫ ነገር ከገበታው ጠርዝ ብልጭ ትላለች። ዕድል ከሌለ የቀኑ ድካም ከአፈሩ ጋር ይሄዳል። እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራ ሰው ባዶ ሆዱን ወንዝ መውረድ አይችልም፤ ገና ያልተገኘውን ወርቅ አምኖ የሚያበድር ባንክ ደግሞ የለም። ያን ባንክ የሆኑት እኒህ ሴት ናቸው።

“እናቴ፣ ዱቤውን የሚይዙበት መዝገብ አለዎት?” አልኋቸው።

“የበላው ያውቀዋል ልጄ” አሉኝ። “እኔ ምን ብዬ ልጻፍ?”

“ሳይከፍል የቀረስ?”

“ያልቀናው ነዋ! ያልቀናውን ሰው ክፈል እላለሁ?” ብለው ሳቁብኝ።

ስለ ንግድ ፈቃድ ስጠይቃቸው ወረቀቱ ምን እንደሚጨምርላቸው መልሰው ጠየቁኝ። ግብር እንደሚያስከፍላቸው እንጂ ምን እንደሚጨምርላቸው በቅጡ ማስረዳት አልቻልሁም። ስማቸው በማስታወሻ ደብተሬ እንጂ በቅጹ ላይ አልሰፈረም።

ሁለተኛው ሰው ፈቃድ ነበረው፤ በሩን አልፎ ገባ። የሽመል ዕቃ ሠሪ ነው። እኛ አዲስ አበቦች ሁሉንም ቀርቀሃ እንላለን፤ የቆላው ዝርያ ግን ሽመል ነው። የደጋው ውስጡ ክፍት ሲሆን ሽመል ድፍን ነው፤ የሆያ ሆዬ ጨፋሪ ዱላ አድርጎ የሚይዘው እሱን ነው። አገሩ ላይ ቤት ይሠራበታል፤ አጥር ይታጠርበታል፤ ለጋው ቡቃያ በክረምት ተቀቅሎ ይበላል። ሰውየው ደግሞ ወንበር፣ አልጋና መደርደሪያ ይሠራበታል።

በ1977ቱ ድርቅ በሠፈራ ከወሎ የመጣ ነው። ያኔ ልጅ ነበር። ወላጆቹ ማሽላ ሲዘሩ እሱ ከጎረቤት የበርታ ሽማግሌ ዘንድ እየዋለ የሽመልን ጠባይ ተማረ። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሽመል እንደማይቆረጥ፣ ተቆርጦም ውኃ ውስጥ ካልከረመ ነቀዝ እንደሚበላው፣ እሳት እንዴት አድርጎ ሳያቃጥል እንደሚያጎብጠው ያወቀው ከእኒያ ሰው ነው። ሽመል በስንት አሥር ዓመት አንዴ ጫካው ባንድነት አብቦ ባንድነት ይደርቃል፤ ሽማግሌው ያንን ሲያዩ ዘር ሰብስቦ መበተንን አስተምረውት ነበር።

ከዎርክሾፑ ደጃፍ ተቀምጠን ቅጹን መሙላት ጀመርሁ።

“ስንት ሠራተኛ አለዎት?”

“አሁን ሦስት።”

“ባለፈው ዓመትስ?”

“አራት። አንዱ ወጣ።”

ቅጹ ላይ ሠራተኛ የለቀቀበት ምክንያት የሚል ሣጥን ነበረ። “ለምን ወጣ?” አልሁ።

“ቻለና” አለኝ።

ቀና ብዬ አየሁት። ከቁም ነገሩ ነው።

“ሲችል ይወጣል እንጂ ምን ያደርጋል?” አለ። “አሁን ባምባሲ የራሱን ቤት ከፍቷል። መጋዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ካልሰጡትማ በምን ይጀምራል?”

“እስካሁን ስንቱ ቻለ?” ብዬ ጠየቅሁ፤ ይህ ጥያቄ ቅጹ ላይ አልነበረም። በጣቱ ይቆጥር ጀመር። የባምባሲው፣ የሆሞሻው፣ እዚሁ አሶሳ ሁለት ወንድማማቾች፣ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ሆኖ ተምሮ እዚያው የሚሠራ አንድ፣ አንዲት ሴት ደግሞ ቅርጫት ብቻ የምትሠራ… ዐሥራ አንድ ደረሰ። ከዐሥራ አንዱ አንዳንዶቹ የየራሳቸው ሠራተኛ አላቸው።

እኔ ምን ጻፍሁ መሰላችሁ? “የሠራተኛ ብዛት፦ 3። ካለፈው ዓመት ሲነጻጸር፦ ቀንሷል።”

የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ፊደል ሐሰት የለበትም። ታዲያ ሰውየውን በእውነት ቀበርሁት።

ሦስተኛው ዕጩ ብሎኬት አምራች ነበር። ሃያ ሁለት ሠራተኛ፣ የታተመ የሂሳብ መዝገብ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ከጥቃቅን ወደ አነስተኛ የተሻገረ። ትጉህ ሰው ነው፤ ክፉ ቃል አይወጣኝም። ከተማዋ በግንባታ ላይ ስለነበረች ብሎኬት ይፈለግ ነበር፤ እሱም ከጠዋት እስከ ማታ ከልጆቹ ጋር ሲሚንቶ ያቦካ ነበር።

ማታ ኮሚቴው ተቀመጠ። የከተማው ሰው የሽመል ሠሪውን ጉዳይ አነሳ። “ይህ ሰው እኮ ድርጅት አይደለም የከፈተው፤ ዐሥራ አንድ ድርጅት ነው የወለደው” አለ። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ፤ ከበላይ የመጣሁት እኔ ነኝና።

ያን ጊዜ የተናገርሁትን እስከዛሬ አልረሳውም። “መስፈርት መስፈርት ነው። ለአንዱ ብለን ካጎበጥነው ነገ ለዘመድ ይጎብጣል” አልሁ። ይህም እውነት ነበር። በዚህ አገር መስፈርት የሚጎብጠው ለሽመል ሠሪ ሳይሆን ለባለጊዜ መሆኑን ማን ያጣዋል? የፈራሁት የሚያስፈራ ነገር ነው። ግን ከፍርሃቴ ሥር ስንፍናም ነበረበት፤ ቅጹን መከተል ይቀላል፤ ቅጹን መመርመር ይከብዳል። ቃለ ጉባኤው ተጻፈ፤ ፈረምን። አንደኛ ብሎኬት አምራቹ ሆነ። ሽመል ሠሪው ከዘጠኝ ስምንተኛ ወጣ።

የሽልማቱ ቀን ድንኳን ተተከለ። ባለሥልጣናት ተናገሩ፤ ዋንጫና የምስክር ወረቀት ተሰጠ። ንግግሩ ረዘመ። እኔ ከፊት ረድፍ፣ ደገፍ ሲሉበት የሚመች የሽመል ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ምቾቱን ያስተዋልሁት መጨረሻ ላይ ነው። ዞር ብዬ ሳይ የድንኳኑ ወንበር ሁሉ ሽመል ነው።

ሰው ሲበተን ሽመል ሠሪው ከሁለት ልጆች ጋር ጋሪ ይዞ መጣ። ለካ ወንበሮቹን ያከራየው እሱ ነው። ማፈሬን ለመደበቅ ብዬ “በሚቀጥለው ዓመት እንግዲህ…” ማለት ጀመርሁ።

“አይዞዎት” አለኝ። “እኔ ወንበሮቹን ነበር የማየው። ይኼን ሁሉ ሰዓት ይኼ ሁሉ ሰው ተቀምጦባቸው አንዱም ሲጢጥ አላለም። ሰምተዋል አንቱ?”

“አልሰማሁም” አልሁት።

“ከፊት ያሉት ደግሞ የእኔ እጅ አይደሉም። የሆሞሻው ልጅ ናቸው። ከእኔ አልፏል፤ አልሐምዱሊላህ።” ይህን ሲል ፊቱ ላይ ያየሁትን ነገር ዋንጫ በተቀበሉት ፊት ላይ አላየሁትም።

አዲስ አበባ ከተመለስሁ በኋላ ነገሩ አልለቀቀኝም። ለባለሙያ ክብር መስጠት ለእኛ አዲስ አይደለም ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርሁ። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ቀጥቃጩን ጠይብ እያሉ፣ ሌላውንም ሠራተኛ በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ትልቅ አዋጅ ነው። ግን ያ አዋጅ ያነሳው ስድቡን ነው። ስድብን ማንሳት አንድ ነገር ነው፤ የሠራተኛውን ሥራ በሚዛኑ መመዘን ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ገና አልጨረስነውም።

ከሌሎች አገሮች ልምድ ስፈልግ የጃፓኖቹን አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1950 ወጥቶ በ1954 በተሻሻለ ሕግ መሠረት፣ በሸክላ፣ በሽመናና በመሳሰለው ሙያ የላቁ ባለሙያዎችን መንግሥት ይመርጣል፤ ሕዝቡ “ሕያው ብሔራዊ ሀብት” ይላቸዋል። በየዓመቱ 2 ሚሊዮን የን ይሰጣቸዋል። የገረመኝ ገንዘቡ አይደለም፤ የሚሰጥበት ምክንያት ነው። ሙያቸውን እንዲያጠሩና ለተተኪ እንዲያወርሱበት ነው። እነሱ ዘንድ ሙያው ወደ ሌላ እጅ መተላለፉ የሽልማቱ ግማሽ ጉዳይ ነው። እኛ ዘንድ ግን፣ በእኔ እጅ፣ “ቀንሷል” ተብሎ ተጻፈ።

ጊዜው ሄደ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሉ የከፋ ዘመን አየ። በካማሺና በመተከል የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ብዙ ሕዝብ ተፈናቀለ። የወለጋው መንገድ በጸጥታ ምክንያት ደጋግሞ ተቋረጠ። ያን ጊዜ በስልክ ከዚያ የከተማ ሰው ጋር እንገናኝ ነበር። ሲሚንቶ ከአዲስ አበባ በኩል አልገባ ሲል የብሎኬቱ ሥራ ቆመ። ሃያ ሁለቱም ሠራተኞች ተበተኑ። የባለቤቱ ጥፋት አይደለም፤ ሥራው የታሰረበት ገመድ ሩቅ ነበር። ከተበተኑት ሁለቱ ከሁለቱ ወንድማማቾች ዘንድ ሽመል መፋቅ እንደጀመሩ ነገረኝ። ሽመሉ አገሩ ላይ ነው፤ እውቀቱም አገሩ ላይ ነው፤ የሚዘጋ መንገድ አልነበረውም። ይህን የምለው ሽመል ሠሪው አልተቸገረም ለማለት አይደለም፤ ገዢ ጠፍቶ በማሽላና በበቆሎ የሸጠበት ጊዜ ነበር። ግን ዐሥራ አንዱ ከነችግራቸው ይሠሩ ነበር።

ገንፎ ሻጯ እናትስ? ስለእሳቸው ስጠይቀው “ዛሬም አይጽፉም” አለኝ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ቅጽ የሚሞላ እጄ ሥራ ፈትቷል። ግን ለቀሪዎቹ ባልደረቦቼ የምለው አለኝ። ሽልማት ይቅር አልልም፤ ሰው ሲመሰገን ይበረታል። መስፈርት ይጥፋም አልልም፤ መስፈርት የሌለበት ሽልማት ለማን እንደሚደርስ እናውቃለን። የምለው ሁለት ጥያቄ ይጨመርበት ነው። አንደኛ፣ “ከእርስዎ ዘንድ ተምሮ ወጥቶ የራሱን ሥራ የጀመረ ስንት ሰው አለ?” ሁለተኛ፣ “እርስዎ ነገ ቢዘጉ ማን ሥራው ይቆማል?” የመጀመሪያው ሽመል ሠሪውን ያወጣዋል፤ ሁለተኛው ገንፎ ሻጯን። ሁለቱም ይቆጠራሉ፤ ሁለቱም ምስክር ሊጠራባቸው ይቻላል። የባምባሲው ልጅ ይመሰክራል፤ ከወንዝ የምትመለሰው ሴት ትመሰክራለች። ለዘመድ ይጎብጣል የሚባልበት ነገር የለውም።

ንግድ ፈቃድ የሌለውንስ እንዴት እንሸልማለን የሚል ይኖራል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ነገሩን ገልብጠን እንድናየው እፈልጋለሁ። ሽልማቱ ራሱ ፈቃዱን ይዞ ለምን አይሄድም? እኒያ እናት “ወረቀቱ ምን ይጨምርልኛል?” ላሉኝ ጥያቄ መልስ ያጣሁት መልሱ ስላልተዘጋጀ ነው እንጂ ጥያቄያቸው ስሕተት ሆኖ አይደለም።

በቅርቡ በሸጎሌ በኩል አለፍሁ። ረዳቱ እንደልማዱ “ሸጎሌ! ሸጎሌ!” ይላል። ከጎኔ የተቀመጠ ወጣት ስሙ ከየት እንደመጣ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት፤ አላወቀም። ነገርሁት። ጥቂት አስቦ፣ “ወርቁን ያመጡት እሳቸው ናቸው ማለት ነው?” አለኝ።

“ያስገቡት እሳቸው ናቸው” አልሁት።